የጠመመ ቸርኬ

ዓለሚቱ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ለጵርስቅላ የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ካድሬዎቹ ዛሬ ጊምቢቹ ይወርዳሉ። ለጸሎት የተሰበሰበውን ሁሉ ሊያፍሱ ነው።»

ዓለሚቱ ሆሳዕና ከተማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፕ መቺ ስለሆነች ጵርስቅላ እውነት ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም። የጠየቀችው በስንት ሰዓት እንደሆነ ነው። ዓለሚቱ ይህን አታውቅም።

የጵርስቅላ ባል አክሊሉ ወንጌላዊ ነው። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አማኞቹ በየሰው ቤት ተደብቀው ይጸልያሉ። ያን ቅዳሜ ጊምቢቹ፣ አንድ ገበሬ ቤት አሥራ አምስት ሰዎች ስለሚጠብቁት ዋዜማውን በጭነት መኪና ሄዷል። በብስክሌቱ ያልሄደው ረቡዕ ዕለት ቦይ ውስጥ ወድቆ የፊት ጎማውን ስላጣመመው ነው።

መናኸሪያ ሮጠች። ናፍጣ ጠፍቷል፤ ወደ ጊምቢቹ የሚወጣ የለም። ተመልሳ ብስክሌቱን ግቢው መሐል ገለበጠችው። ጎማውን ስታሽከረክረው የያዘውን የብረት ሹካ እየፋቀ ይቆማል። አክሊሉ ሽቦዎቹን ከቸርኬው ጋር የሚያያይዙትን ትንንሽ ዳዶዎች በፒንሳ ሲያጠብቅ አይታለች። እሷም የሚፋቅበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጋ ማጥበቅ ያዘች። አሽከረከረችው፤ ባሰበት። እንደገና አጠበቀች። ፒንሳው አመለጣትና ጣቷን ላጠው። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ጥላው እየተነሳች በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ጎረቤቷ ጋሽ ቸኮል ናቸው፤ የቀበሌው ጸሐፊ። በሩን እንዳልዘጋችው ያኔ ትዝ አላት።

«እንዲያው ቆሞ ከሚውል ብዬ ነው፣ ጋሽ ቸኮል።»

ጎማውን አዩት። ከቀሚሷ ስር ያጠለቀችውን የባሏን ሱሪ አዩት። ከዚያ የካኪ ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉና ተንበረከኩ።

«ወደ ቀኝ ያዘነበለውን የቀኙን ታጠብቂለታለሽ? ይበልጥ ወደዚያው ትስቢዋለሽ እኮ። የግራውን አጥብቂ፣ የቀኙን ላላ አድርጊ። ሩብ ዙር ብቻ።»

እሳቸው ይዘው እሷ ታዞራለች። እያንዳንዷ ሩብ ዙር ዓመት ሆነችባት።

«ይበቃል፣ ጋሽ ቸኮል።»

«ገና ነው። ቁልቁለት ላይ ይጥልሻል።» ቀና ሳይሉ ቀጠሉ። «መኪናው የሚነሳው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።»

ፒንሳው ከእጇ ወደቀ።

«ምን አሉኝ?»

«ምንም አላልኩሽም። እዚህም አልመጣሁም።»

አራት ሰዓት ላይ ወጣች። ቸርኬው አሁንም ይወላገዳል፤ ሹካውን ግን አይነካም። ጎማውን እንዳይዝባቸው የፊት ፍሬኑን ስለፈቱት ቁልቁለቱን እግሯን መሬት እያስጎተተች ወረደች፤ ዳገቱን እየገፋች ወጣች። የሰው ሰላምታ ሳትመልስ አለፈች። በየመታጠፊያው ወደ ኋላ ትዞራለች። ስምንት ተኩል ላይ አማኞቹ እየዘመሩ ሳለ ደረሰችባቸው።

«እየመጡ ነው!»

ዝማሬው ተቋረጠ። ሰዉ በጓሮ በር እየወጣ እንሰቱ ውስጥ ገባ። የቀሩት እማማ ትርፊት ብቻ ናቸው፤ ጉልበታቸው አይሸከማቸውም። አክሊሉ ጎንበስ ብሎ አዘላቸው።

«ሌላ ሰው ይሸከማቸው! የሚፈልጉት አንተን ነው!» አለች ጵርስቅላ።

«ሌላ ሰው ማን አለ?»

ዞር ብላ አየች። ማንም አልነበረም። «አንቺ በላይኛው መንገድ ሂጂ» ብሏት ወረደ።

አሮጊቷን ሰው ቤት አድርሶ ወንዙን ሲሻገር ያዙት። ከእሱ በቀር ያገኙት ሰው የለም። ሰባት ወር ታሰረ። ጵርስቅላ በየሳምንቱ ስንቅ ስትወስድለት ትቆጣው ነበር፤ ትንሽ ቀድመህ ብትሮጥ ኖሮ ትለዋለች። እሱ የልጆቹን ጤና ይጠይቃታል። በልቧ እማማ ትርፊትን ተቀይማቸዋለች፤ ቂሙም እንቅልፍ ይነሳት ነበር።

አክሊሉ በተፈታ በሦስተኛው ቀን በራቸው ላይ በቅሎ ቆመች። እማማ ትርፊት ናቸው፤ ከጊምቢቹ ሆሳዕና ድረስ ኮርቻ ላይ ሲንገላቱ መጥተዋል፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

«ልጄ ተፈታ?» አሉ።

ጵርስቅላ የበቅሎዋን ልጓም ያዘች። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ አቅፋ አወረደቻቸው።