የዓሪፍ እሬት

ዘይነባ በዕድሜዋ መናፈሻ ልታይ ብላ ከቤቷ ወጥታ አታውቅም። የመርሳ ገበሬ ናት፤ አረንጓዴ ነገር ማየት ካሻት ማሽላዋ ደጇ ላይ አለላት። ያን ቀን ሚኒባስ ተሳፍራ ወልድያ የወረደችው ልጇን ልትዘይር ነበር።

ልጇ ዓሪፍ የሞተው ባለፈው ዓመት ከተማዋ ስትያዝ ነው። ጋራዥ አብሮት የሚሠራው መካኒኩ ይርጋ፣ ከባድ መሣሪያው ፋታ ሲሰጠው፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ቀበረው። ይርጋ ክርስቲያን ቢሆንም የሙስሊም ጎረቤቶቹን መቃብር እያየ ነው ያደገው፤ እንደ ወጉ የመቃብር ምልክት እንድትሆን ከራስጌው አንዲት እሬት ተከለ። ዘይነባ ያኔ ተፈናቅላ ሸዋ ነበረች። መርዶውን በስልክ ሰማች፤ ወደ አገሯ የገባችው ገና ሐምሌ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ቆቦ ላይ ተኩስ ተጀምሯል ይባላል፤ መንገዱ ዛሬ ነገ ይዘጋል። ሳይዘጋ ከልጇ ራስጌ ቆማ ዱዓ ልታደርግለት ነው የመጣችው። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ሜዳው መናፈሻ መሆኑን ይርጋ ነግሯታል። እትዬ ዘይነባ አያስቡ፣ እሬቷን እንዳይነኩብኝ ለመናፈሻው ሥራ ፎርማን አደራ ብያለሁ አላት። ሥሯ ሬሳ አለ ብሎ ግን ለፎርማኑ አልነገረውም። የማንን ሬሳ ነው የቀበርከው ተብሎ መያዝን ፈርቶ ነበር። ደሞስ እሬት ብቻዋን ቆማ ላየ ሰው ምኑ ይነገረዋል?

ለወሎ ሰውማ አይነገረውም። ፎርማኑ ግን ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ አለቃውም ዝናው አገር ያዳረሰ የተባለለት የአዲስ አበባ አርክቴክት ነው። ዘይነባ ከይርጋ ጋር በሩን አልፋ እንደገባች ክው ብላ ቀረች። በየመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በፏፏቴው ዙሪያ፣ በየወንበሩ ሥር እሬት ብቻ። ሰዉ በመሀሉ እየተሳሳቀ ፎቶ ይነሳል።

«ኧረ በአላህ፣ ማን አልቆ ነው ይሄ ሁሉ?» አለች።

ሔዋን የምትባል አስጎብኚ ሰው ሰብስባ ታስረዳለች። አርክቴክቱ መጀመሪያ ሲመጣ ሜዳው ላይ አንዲት እሬት አገኘ፤ ጦርነቱን ችላ ያለፈች ናት ብሎ ልቡ ተነካ፤ የመናፈሻውን ንድፍ በሙሉ ከእሷ ቀዳው። ሰዉ አጨበጨበ።

«ያቺ እሬት የት ናት ልጄ?» አለች ዘይነባ።

«በሩ ላይ በትልቁ ጋን ውስጥ ያለችው ናት፣ እማማ። አደራ ስለተባልን በክብር ነው ያዛወርናት።»

ከየት እንደነቀሏት ግን ሔዋን አታውቅም። ይርጋ መቃብሩን መፈለግ ጀመረ። የጋራዡ አጥር ፈርሷል፣ መሬቱ ተደልድሏል፣ ምልክት የሚሆን ነገር አንድም የለም። ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። እዚህ ጋ ይመስለኛል አለ፤ ቆይቶ ደግሞ ከፏፏቴው ወዲያ ሳይሆን አይቀርም አለ። የዘይነባ ደም ፈላ።

«ይመስለኛል ትለኛለህ? ሰው ተቀብሯል ማለት ይሄን ያህል ከበደህ?»

አጥፊ ቢፈለግ አይገኝም፤ አርክቴክቱም አክብሬ ነው ባይ፣ ፎርማኑም አክብሬ ነው ባይ። ማክበራቸው እንዲህ ከሆነ ንቀታቸውን አያድርስ!

ዘይነባ በሩ ላይ ካለው ጋን እሬቷን ከነሥሯ መንግላ አወጣችና በሻሿ ጠቀለለቻት። ጥበቃው ፊሽካውን ነፋ። ተክል ይዞ መውጣት ክልክል ነው አላት።

«ልጄን አምጡና እሬታችሁን ውሰዱ» አለችው።

ጥበቃው የውርጌሳ ልጅ፣ የወሎ ሰው ነበር። እሬቷን አየ፣ እሷን አየ፤ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ በሩን ከፈተላት።

መርሳ ገብታ፣ ከባሏ መቃብር ጎን፣ ማንም ባልተኛበት መሬት ላይ ተከለቻት። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። አሁንም እዚያ ቆማ ለዓሪፍ ዱዓ ታደርጋለች። ዱዓዋን ጨርሳ ወደ ወልድያ ዞራ የምትለውን ግን እኔ አልደግመውም።