ከማሽላው ወዲያ ያለው ውሃ

ጊዳዶ መንጋውን ከማሽላው ጥግ ሲያደርስ ከብቶቹ ውሃ ከቀመሱ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር። የኒጀር ወንዝ ከፊቱ ያብለጨልጫል፤ በመሃል ግን ሀምሳቱ የሚባሉት አሮጊት ማሳ አለ፤ ገና አልታጨደም። ዙሪያውን ለመሄድ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ጊደሮቹ አይዘልቁም። አምና እዚሁ ቦታ ላይ ከብት ማሳ ጥሶ አርቢውና ገበሬው ተፈነካክቷል።

ዱላውን ለታናሽ ወንድሙ ለሳምቦ ሰጥቶ «በነፍስህ ያዛቸው!» አለውና ባዶ እጁን ወደ ማሳው ሄደ። ሀምሳቱ ዳር ላይ ቆመዋል። የወንድማቸው ልጅ ኪምባ ገጀራ ይዞ ከጎናቸው አለ።

«እንዴት አረፈዱ እማማ? በዳር በዳሩ ቢያሳልፉን ብዬ ነው።»

«በዳር!» አለ ኪምባ። «የተጠማ ላም ዳርና መሃል ለይታ ታውቃለች?»

«ብዙም አልተጠሙም። አልቸኮልንም።» ጊዳዶ ይህን ያለው ጭንቀቱን ካዩበት የማይችለውን ዋጋ እንዳይጠይቁት ፈርቶ ነው።

ያኔ ነፋሱ የውሃ ሽታ ይዞ ከወንዙ በኩል ዞረ። ከኋላው መንጋው በአንድነት አገሳ፤ የሳምቦ ጩኸት ተከተለ። ሀምሳቱ ትኩር ብለው አዩት።

«አልቸኮልንም ነው ያልከኝ?»

«ዋሸሁ እማማ። እስከ ማታ ካልጠጡ ይወድቁብኛል። ከጣሱ ደግሞ የእርስዎ የዓመት ቀለብ አለቀ።»

አሮጊቷ ወደ ማሳቸው ዞረው ዛላዎቹን አዩ።

«እኔም ልንገርህ» አሉ። «ይሄ ማሽላ ባለፈው ሳምንት መታጨድ ነበረበት። ልጆቼ ለሥራ እንደወጡ ቀሩ። ወፉ እየጨረሰብኝ ነው።»

«አክስቴ! ጉዳችንን ለዚህ ሰው?»

«አንተ ዝም በል።»

«ከመንጋው ጋር ሴትም ወንድም ስድስት ሰው አለኝ» አለ ጊዳዶ ተሽቀዳድሞ። «አሁኑኑ እስከ ወንዙ የከብት መተላለፊያ እናጭዳለን፤ የቀረውን ነገና ከነገ ወዲያ። እህሉ የእርስዎ፣ አገዳው ለከብቶቼ።»

«ከብቶችህ ደግሞ የላይኛው መሬቴ ላይ ይደሩ። ደክሟል፤ ፍግ ይፈልጋል። አሥር ሌሊት።»

«አሥር ሌሊት ከቆየሁ ግጦሽ ያልቅብኛል። አምስት ይሁን።»

«ሰባት። የታችኛውንም ማሳ አገዳ ጨምሬልሃለሁ።»

«ይሁን፣ ሰባት።»

«ቢጥሱስ?» አለ ኪምባ።

«ያጠፉትን እተካለሁ» አለ ጊዳዶ።

«አንተም ሂድና ከወንድሙ ጋር ከከብቶቹ ፊት ቁም» አሉት ሀምሳቱ ኪምባን።

ኪምባ እያጉረመረመ ገጀራውን ለጊዳዶ ወርውሮለት ሄደ። የጊዳዶ ሰዎች ሴትም ወንድም ተሰልፈው አጨዱ፤ ጊዳዶ ገጀራው ጣቱን ሲቆርጠው እንኳ ቀና አላለም። መተላለፊያው ወንዙ ጋ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀር መሪዋ ላም ሳምቦን ገፍትራ አለፈች። ኪምባ ክንዱን ዘርግቶ ፊቷ ተገተረ። ቀንዷ ደረቱ ስር ደርሶ ቆመ።

«ቶሎ በሉ እንጂ!» ብሎ ወደ አጫጆቹ ጮኸ።

መንገዱ ሲከፈት መንጋው እንደ ጎርፍ ወረደ። ከዳር ጥቂት አገዳ ተረገጠ። ሀምሳቱ ጎንበስ ብለው የወደቀውን ዛላ እየለቀሙ «ይሄ ደህና ነው፣ ይበላል» አሉ።

ጊዳዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከብቶቹ ሲጠጡ ይሰማዋል። ልቡ ግን አሁንም አላረፈም፤ ከብቶቹን በሰው ማሳ መሃል የሚጠብቅባቸው ሰባት ሌሊቶች ገና አልጀመሩም።