የፈላ ውሃ የፈሰሰባት ጋርዴኒያ

ልብስ ሰፊዋ ከገበያ ስትመለስ እናቷን በረንዳው ላይ ማንቆርቆሪያ ይዘው አገኘቻቸው። ጋርዴኒያዋ በእንፋሎት ተሸፍናለች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«በርዷት ነዋ! ላሙቃት ብዬ» አሉ እናትየው፣ ደግ እንደሠራ ሰው ፈገግ ብለው።

ይቺን አበባ ጣት ከማታህል ቁራጭ አንስተው ያሳደጓት እሳቸው ነበሩ። ጎረቤት ቅጠሏን ቢነካ እንኳ ፊታቸው የሚጠቁር ሴት! አሁን ግን አእምሯቸው እየከዳቸው ምድጃና ቁም ሳጥን መምታታት ጀምሮባቸዋል።

ልጅ ማንቆርቆሪያውን ተቀብላ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችባት። ከዚያ ከመትከያ ሸክላዋ ከነአፈሯ አውጥታ አየቻት፤ ሥሯ አብዛኛው ቡኒ ሆኖ ሲነኩት ይላላጣል። የሞተውን በስፌት መቀሷ ቆርጣ በአዲስ አፈር ተከለቻት። ነፋስ እንዳይመታት ቤት አስገብታ፣ ብርሃን የሚገባበት መስኮት ሥር፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አኖረቻት። እርጥበት እንዳያጥራትም ስስ ላስቲክ አለበሰቻት።

ወንድሟ በስልክ «ምን ያደርቅሻል? ጣያትና ሌላ ግዢ» አላት።

«እማዬንስ?»

ሥራ አለብኝ ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ቅጠሎቹ ቢጫ እየሆኑ ረገፉ። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ክር ከማስገባቷ በፊት አፈሩን በጣቷ ትዳብሳለች። አንድ ቀን ግንዱ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር አየች። እናቷን ደግፋ አመጣቻቸው።

«እማዬ፣ እይ! አቆጠቆጠችልሽ!»

እናትየው አጎንብሰው በጣታቸው ጫፍ ነኳት። «ታምራለች» አሉ። ቀና ብለው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩና «የእርስዎ ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

እርስዎ! ጡት አጥብተው ያሳደጓትን ልጅ፣ እርስዎ!

«ያንቺ ናት፣ እማዬ» አለች።

«አይ፣ እኔስ የለኝም» አሉ በትሕትና።

ቡቃያዋም አልከረመችም፤ ሳምንት ሳይሞላት ጠቆረች። ልብስ ሰፊዋ ግንዱን በጥፍሯ ፋቅ ብታደርገው ደረቅ እንጨት ነው። ላስቲኩን ገፈፈችና መትከያ ሸክላውን ታቅፋ ልትወጣ ስትል እናትየው ተነሥተው ባንድ ወገን ያዙላት።

«ይከብድዎታል፣ ላግዝዎት።»

ተጋግዘው ደረጃውን ወረዱ፤ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፉት። ልጅ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እናትየው ምን እንደሚያደርጉ ጨነቃቸው። የማያውቀውን ሰው እንደሚነካ ሰው ፈራ ተባ እያሉ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ።

«አይዞዎት፣ እሜቴ» አሉ። «አይዞዎት።»