ፉጨት የማይደርስበት ቤት

ቅዳሜው እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ነበር የጀመረው። ፋርማሲስቷ ከልጇ ቀድማ ተነሣች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ሻይ ጣደች። ሻዩ እስኪፈላ የትናንቱን ዳቦ ቆርጣ መጥበሻ ላይ አሞቀች። ልጅቷ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ መጥታ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አታናግሩኝ ባይ ናት። እናትየዋም ይህን ስለምታውቅ ምንም ሳትናገር ሻዩን ቀዳችላት፤ ስኳሩንም ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። በሉ። ሰሃኖቹ ታጠቡ፤ ጋዙ ተዘጋ። በር ላይ ከደረሱ በኋላ እናትየዋ ተመልሳ ጋዙ መዘጋቱን ደግማ አየች። ከዚያ ወጡ። ቤት ሊያዩ ነበር የሚሄዱት።

ቤት ማየት ለዚህ ቤተሰብ አዲስ ነገር አልነበረም። ባሏ በሕይወት ሳለ ቅዳሜ ማለት ቤት የሚታይበት ቀን ነበር። ሌላው ሰው በቅዳሜው ልብሱን ያጥባል፣ ዘመዱን ይጠይቃል፤ እነሱ ግን ሦስቱም አውቶቡስ እየቀያየሩ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ይዞሩ ነበር። ያ ሁሉ ዙረት ቤት አላስገኘም። አንዱ ሰፈር ከአቅማቸው ያልፋል። ሌላው በአቅማቸው ነው፣ ግን ከመሸ ሰው አይወጣበትም። ዋጋውም ሰላሙም የተስማማ ቤት ሲገኝ ደግሞ በባልየው ፈተና ይወድቃል።

ባልየው የሊፍት ቴክኒሻን ነበር። ሊፍቱ በሚመላለስበት ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ሲሠራ ስልክ አይነሣም፤ ቢጮሁም ድምፁ ግድግዳ ለግድግዳ ይላተማል እንጂ ቃሉ አይለይም። ስለዚህ እሱና የሥራ ጓደኛው በፉጨት ነበር የሚግባቡት። አንዴ ካፏጨ «ውስጥ ነኝ፣ ማብሪያውን እንዳትነካ» ማለት ነው። ሁለቴ ካፏጨ «ወጥቻለሁ» ማለት ነው። ይህን አመል ቤት ድረስ ይዞት መጣ። ማታ ከአውቶቡስ ወርዶ እግሩ መሬት ሲረግጥ ሁለቴ ያፏጫል፤ ሚስቱ ኩሽና ሆና ትሰማና ሻይ ትጥዳለች፤ ልጅቷ ሮጣ የውጭውን በር ትከፍታለች።

ቤት ሲያዩም ሥራ ይከፋፈሉ ነበር። «ኢንስፔክተር» የሚላት ልጁ ቧንቧውን ሁሉ ከፍታ ከዘጋች በኋላ የኋላው ክፍል ገብታ በሩን ትዘጋለች። ሚስቱ ኩሽና ገብታ መስኮቱን ትዘጋለች። እሱ እስከ ፌርማታው ይሄድና ሁለቴ ያፏጫል። ከተሰማ ቤቱ አለፈ። ካልተሰማ «ልጄ ከፌርማታ ብትጣራ የማትሰማበትን ቤት አልገዛም» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ንጉሥ ቢመጣ አይመልሰውም። ደላሎቹ «አቶ ፉጨት» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ሲሰማ ሳቀ እንጂ አልተቀየመም። እሷ ግን አንዳንዴ ትናደድ ነበር። ስንት ደህና ደህና ቤት በፉጨት ሰበብ አመለጠን ትለዋለች። እሱ ደግሞ ቤቱ አላመለጠንም፣ እኛ ነን ያመለጥነው ይላታል።

ባለፈው ዓመት ታመመ። ሕመሙ ረጅም አልነበረም። መድኃኒቱን በእጇ የምትሰጠው እሷ ነበረች፤ እስከ ምን ድረስ እንደሚረዳ፣ ከምን ወዲያ እንደማይረዳም ታውቅ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ የበለጠ ለማንም አልተናገረችም።

አሁን አከራያቸው ልጁን ሊድር ነው፤ ቤቱን ለሙሽሮቹ ይፈልገዋል። ክፉ ሰው ስላልሆነ ትምህርት እስኪዘጋ ታግሷቸዋል፤ ትምህርት ሊዘጋ ደግሞ ጥቂት ነው የቀረው። ዛሬ ካልቆረጠች ሌላ ኪራይ ቤት መግባቷ ነው፤ ኪራዩም ባሏ ለቤት ብሎ ያስቀመጠውን እየቆረጠመ ይጨርሰዋል። ልጅቷ በመጪው ዓመት የከሰዓት ፈረቃ ትገባለች፤ ከአውቶቡስ የምትወርደው መሽቶ ነው። የሚገዛው ቤት የትም ይሁን የት፣ ያቺ ልጅ ከፌርማታው እስከ ቤት ያለውን መንገድ በየማታው ብቻዋን ልትሄድበት ነው። ፋርማሲስቷ ሌሊት ጣሪያ እያየች የምታስበው ቤቱን ሳይሆን ያንን መንገድ ነበር።

የባሏ ታላቅ እህት አውቶቡስ ተራው ጋ ጠበቋቸው። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ጆሯቸው ገና ጡረታ አልወጣም። አጠገባቸው ደላላው ቆሟል። ለሟቹ ብዙ ቤት አሳይቶ አንድም ያልሸጠለት፣ «አቶ ፉጨት» የሚለውንም ስም ያወጣው እሱ ነው።

«እናቴ፣ እንዴት አደሩ?» አላቸው ደላላው።

«እናትህ ብሆን ኖሮ ይሄን ሥራ አላሠራህም ነበር» አሉት እትዬ።

የመጀመሪያው ሰፈር መንገዱ የተጠረገ፣ በየበሩ ጥበቃ የተቀመጠበት ነው። ደላላው ዋጋውን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። እትዬ ግን ሰምተው፣ የጠየቁት አንድ ቤት እንጂ ሰፈሩን በሙሉ እንዳልሆነ ነገሩት። ሳይገቡ ተመለሱ።

የሁለተኛው ሰፈር ዋጋ ደህና ነበር። ግን ባለሱቆቹ ዕቃ የሚያቀብሉት በብረት ፍርግርግ መሀል እጃቸውን አሾልከው ነው። የፌርማታው አምፖል ተሰብሯል፤ ሥሩ ያለው ስብርባሪ ደግሞ የአንድ አምፖል ብቻ አይደለም። ደላላው ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው ብሎ አመሰገነ። እትዬ ሊመልሱለት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወንድማቸውን ሚስት አዩና ዋጡት። ፋርማሲስቷ ምን ሊሉ እንደነበር ገባት። ከዚህ የበለጠ ጸጥ ያለ ቦታ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሦስተኛው ሰፈር አውቶቡሱ የሚያልቅበት ነው። ከፌርማታው የሚነሣው ኮረኮንች መንገድ መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በመጀመሪያው መታጠፊያ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ደጅ አውጥቶ ይሠራል፤ በሁለተኛው አንዲት ሴት አትክልት ትሸጣለች። የፋርማሲስቷ ዓይን መጀመሪያ ያረፈው ግን አጥር ሥር በተጋደመ የልጅ ብስክሌት ላይ ነው። አልታሰረም፤ አጠገቡም ሰው የለም። ትንሽ እልፍ ብሎ ሌላ አለ። ባሏ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ «ሰፈሩ ተናገረ» ይል ነበር።

ቤቱ ትንሽ ነው፤ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ወደ ጓሮ የሚያይ ኩሽና። በአንድ ጥግ ቀለሙ ተነሥቷል፤ ጣሪያው ግን አያፈስም። ባለቤቱ ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ልጃቸው ጋ ሊገቡ የተነሡ ሽማግሌ ሹፌር ናቸው። የጠየቁት ዋጋ እሷ ከያዘችው አላለፈም። ልጅቷ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፍታ ዘጋች፤ መታጠቢያ ቤቱ ጋ ትንሽ ቆየችና ግፊቱ ደህና መሆኑን አስታወቀች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘም። ፋርማሲስቷ ኩሽና ገባች፤ መስኮቱን ዘጋች፤ መዳፎቿን የዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ አሳርፋ ቆመች። ልጅቷ የኋላው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። እትዬ ሳሎኑ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ደላላው ለምዶበት ዝም አለ። ሹፌሩም እንግዶቹ ዝም ሲሉ ዝም አሉ። ከሩቅ የስፌት መኪናው ብቻ ይሰማል። ጠበቁ።

ፋርማሲስቷ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምታዳምጠው። አሁን አትክልት ሻጯን አልፏል። አሁን ልብስ ሰፊው ጋ ቆሞ ወሬ ይዟል፤ መቼም ሰው አይቶ ዝም ብሎ አያልፍ። አሁን ፌርማታው ደርሷል፤ አሁን ከንፈሩን ያሞጠሙጣል። ዛሬ ደግሞ ቆየ፣ አለች በልቧ።

ሹፌሩ ዝምታው ረዘመባቸው። «ምንድነው የምንጠብቀው?» ብለው ደላላውን ጠየቁት።

ደላላው ኮፍያውን አወለቀ። እትዬ ጣታቸውን ከከንፈራቸው አወረዱ። የኋላው ክፍል በር ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ልጅቷ ወጥታ አክስቷን፣ ደላላውን፣ ሽማግሌውን በየተራ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ኩሽናው መጣች።

«ማነው የሄደው?» አለች።

«ማንም አልሄደም» አለች እናትየዋ።

ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር። ፌርማታው ላይ ግን ማንም አልነበረም።

ትንሽ ቆይተው እትዬ እኔ ልሂድ አሉ። ደላላው ማፏጨት ይችሉ እንደሆነ በትሕትና ጠየቃቸው። ማፏጨቱ ከፊት ጥርሳቸው ጋር አብሮ እንደተነቀለ፣ ስድባቸው ግን ከየትም ወደ የትም እንደሚሰማ ነገሩት። ማንም አልሳቀም። እሳቸውም ለማሳቅ ያሉት አልነበረም፤ በመሐረባቸው ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ልጅቷ ሄደች። አባቷ አስተምሯት ነበርና ቀጠን ያለ ፉጨት ታውቃለች። እናትየዋ ወደ ኩሽናው ተመለሰች፤ መስኮቱ መዘጋቱን ደግማ አየች፤ ቆመች። የስፌት መኪናው ይሰማል። የሆነ ቦታ ሕፃን ያለቅሳል። ከዚያ በር ተከፈተ፤ ልጅቷ እያለከለከች ገባች።

«ሰማሽኝ?»

ሰማሁሽ ማለት ቀላል ነበር። ቤቱን ትፈልገዋለች፤ ልጅቷም መስማት የምትፈልገው እሱን እንደሆነ ከፊቷ ይነበባል። ፋርማሲስቷ ግን ሰው ደስ ይበለው ብላ የመድኃኒት ልኬት ቀይራ ሰጥታ አታውቅም።

«አልሰማሁሽም።»

«ሁለቴ ነው ያፏጨሁት። ደግሜም ሁለቴ።»

«አልሰማሁሽም፣ የኔ ልጅ።»

«እንግዲያው ወደቀ» አለች ልጅቷ፤ ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሣች።

እናትየዋ ግን ሹፌሩን፣ ማታ እሷና ልጇ ተመልሰው ቢመጡ ቅር ይላቸው እንደሆነ ጠየቀች። ሽማግሌው የትም የሚሄዱበት እንደሌለ ነገሯት። እትዬና ደላላው እየተጎሻሸሙ በአውቶቡስ ተመለሱ። እናትና ልጅ ፌርማታው ጋ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠው ዋሉ።

ሲመሽ ተነሡ። አውቶቡሱ ከከተማ የሚመለሱትን ሰዎች አራግፎ ነበር። ከነሱ ፊት ልጅቷን የምታክል አንዲት ተማሪ ቦርሳዋን ባንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ብስኩት እየበላች ብቻዋን ትሄዳለች፤ ወደ ኋላዋ አትዞርም። መብራቶቹ በርተዋል። ልብስ ሰፊው መብራት ወደ ስፌት መኪናው አስጠግቶ ገና ይሠራል፤ ተማሪዋን የእገሌ ልጅ ብሎ በአባቷ ስም ጠርቶ ዛሬስ ዘገየሽ አላት። ፋርማሲስቷ እዚያ መታጠፊያ ላይ ቆመች። ወደ ኋላ ስትዞር ፌርማታው በግልጽ ይታያል። ወደ ፊት ስትዞር ቤቱ አይታይም።

ልጅቷም ቆመች። «አባዬ ቢሆን ይሄን ቤት አይገዛም ነበር» አለች።

«አዎ። አይገዛም ነበር።»

«ታዲያ?»

«የምገዛው እኔ ነኝ» አለች እናትየዋ። ይህን ስትናገር የገዛ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «እሱ የለም። የሚያፏጭልን ስለሌለ፣ ፉጨት የሚሰማበት ቤት ብናገኝም ቁጭ ብለን የምንሰማው የለንም። እኔ እዚህ ድረስ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ልጅቷ ልብስ ሰፊውን አየች። «ታሰለቺዋለሽ።»

«ቀሚስ አሰፋለሁ።»

መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥቂት እንደሄዱ ልጅቷ እጇን እናቷ ኮት ኪስ ውስጥ ከተተች። ሕፃን ሳለች እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ከተወችው ቆይቷል። በሁለተኛው መታጠፊያ አትክልት ሻጯ ዕቃዋን እየሰበሰበች እንደምን አመሻችሁ አለቻቸው፤ ቤት ገዢዎቹ መሆናቸውን ከማን እንደሰማች አልታወቀም። ሹፌሩ የበረንዳውን መብራት አብርተው ደጃፉ ላይ ይጠብቋቸው ነበር። ፋርማሲስቷ እጇን ዘረጋችላቸው፤ ነገሩ አለቀ።

ትምህርት እንደተዘጋ ገቡ። ደላላው ሳይጠራ መጥቶ ቁም ሣጥኑን ተሸከመ። እትዬ ኩሽናውን ዞረው አይተው፣ መስኮቱ ትልቅ በመሆኑ አመሰገኑ፤ ስለ ሌላው ነገር አላነሡም። ልጅቷ የኋላውን ክፍል ወሰደች፤ በሩን ዘግታው አታውቅም። ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ እናትየዋ ማታ ማታ መታጠፊያው ጋ ትወጣለች። ልብስ ሰፊው ወንበር ያቀብላታል። ልጅቷ ከአውቶቡስ ስትወርድ እጇን ታነሣላታለች፤ አብረው ይመለሳሉ።

ቤቱ ውሃ አለው። መንገዱ መብራት አለው። ብስክሌቶቹ ደጅ ያድራሉ። ፋርማሲስቷ አሁን ሻይ የምትጥደው ሰዓት አይታ ነው። ከፌርማታው ሁለቴ የሚያፏጭ ሰው የለም።