ሳይታይ የቀረው የበረራ ደብተር

ቬርና ሶርሊ አውሮፕላኗን ማከራየት የጀመረችው ልቧ ከከዳት በኋላ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በኮትሬል ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ባለአራት መቀመጫ ሴስናዋን አስነስታ በሞንታና የስንዴ ማሳ ላይ ትበር ነበር። በስልሳ አንድ ዓመቷ ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ፤ የመብረር ፈቃዷም በዚያው ቀረ። አውሮፕላኑን ልትሸጠው አስባ አንጀቷ እምቢ አላት። ሳይነሳ የሚከርም ሞተር ደግሞ ከውስጥ ይዝጋል። "ከሚዝግ ሰው ይብረርበት" አለች።

የመድን ወኪሉ ኦዴል ግን ነገሩን እንደዚያ አላቀለለውም። ከቬርና ጋር አብሮ ያደገ፣ ቀልድ የማይችል ሰው ነው።

"የአሁኑ ውልሽ የሚሠራው አንቺ ለራስሽ ስትበሪ ነው" አላት። "ከሰው አንድ ዶላር የተቀበልሽ ዕለት ይሄ ወረቀት እሳት ማቀጣጠያ ነው።"

"እሺ፣ የማከራያ ውል አውጣልኝ።"

"አወጣልሻለሁ። እጥፍ ያስከፍላል፣ እንዳትጮኺብኝ። ሁለት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ ውሉ የሚጠብቀው አንቺን እንጂ ተከራዩን አይደለም። ኩባንያው ላንቺ ከከፈለ በኋላ ዞሮ እሱን ሊከሰው ይችላል፤ ስለዚህ የራሱን መድን ይግዛ። ሁለተኛ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰዓት ያልበረረ ሰው መሪውን እንዳይነካ። በአፉ የነገረሽን አትቀበይ። የበረራ ደብተሩን አይተሽ፣ ደምረሽ፣ ከዚያ ነው ቁልፍ የምትሰጪው።"

"አንደኛ ክፍል አስገባኸኝ እኮ፣ ኦዴል።"

"አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ እንኳ ይሰማል" አላት።

አዲሱ ውል በጸና በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ኬንድል ፕሩዊት መጣ፤ ሚስቱ ዳርላ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ። ልጅ ሳለ ቬርና ናት በአውቶቡሷ ያመላለሰችው። አንድ ክረምት በረዶ ላይ ተንሸራቶ ከንፈሩ ሲተረተር በገዛ መሀረቧ ደሙን ይዛለት ሐኪም ቤት አድርሳዋለች።

"ሚስስ ሶርሊ፣ ነገ ዳርላን ይዣት ዋርዴል ከተማ ልሄድ ነው። የተጋባንበት አሥረኛ ዓመታችን ነው። ምሳ በልተን እንመለሳለን።"

"የበረራ ሰዓትህ ስንት ደረሰ?"

"ሁለት መቶ ሃምሳን አልፌያለሁ።"

"የራስህ መድንስ?"

"ሰኞ እገዛለሁ።"

'ደብተርህን አሳየኝ' የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። አሳየኝ ማለት አላምንህም ማለት መስሎ ታያት። ደግሞ በአውቶቡሷ ያሳደገችውን ልጅ? ቁልፉን ከመስቀያው አንስታ ሰጠችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነዳጁን አፍ እስከ ገደፉ ሞልተው ተነሱ። ዳርላ በመስኮት እጇን አወዛወዘች። ነፋሱ ከኋላቸው ስለነበር በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ዋርዴል እንደገቡ ኬንድል በስልክ መልእክት ላከ። ቬርናም የአውሮፕላን ማደሪያውን ሃንጋር ስትጠርግ ዋለች።

ከሰዓት በኋላ ያ ነፋስ በረታ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ያለው የነፋስ መጠቆሚያ ጨርቅ እንደ ክንድ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘጠኝ ተኩል ላይ መምጣት ነበረባቸው። ዘጠኝ ከሃምሳ ሆነ። በሬዲዮ ጠራቻቸው፤ መልስ የለም። የዋርዴል ሜዳ ጠባቂ ዘንድ ደወለች።

"ሰባት ተኩል ላይ ተነሥተዋል" አላት ሽማግሌው።

"ነዳጅ ሞልተዋል?"

"ኧረ አልሞሉም። 'አይበቃህም ወይ' ስለው 'ከግማሽ በላይ አለኝ' ብሎኝ ሄደ።"

ቬርና ስልኩን ዘግታ እርሳስ አነሳች። ሙሉ ነዳጅ አራት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ሲሄዱ አንድ ከአርባ በልተዋል። የቀረው ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ። ከሰባት ተኩል ሲቆጠር፣ አሥር ሰዓት ከሃያ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አየር ላይ የሚያቆያቸው ነገር የለም። ነፋሱ ደግሞ አሁን ፊት ለፊታቸው ነው።

የፍለጋ ሰዎችንና የወረዳውን ፖሊስ ጠርታ ወደ ሜዳው ወጣች። ወደ ምዕራብ አፈጠጠች። አንድ ጥቁር ነጥብ ብቅ ሲል ልቧ ዘለለ፤ ጭልፊት ነበር። አሥር ከአሥር። አሥር ከሩብ። ሐኪሙ የሰጣትን ኪኒን ከምላሷ ሥር አደረገች። አሥር ከሃያ ሲሆን ሰዓቷን ከእጇ ፈትታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ማየት አቃታት። ስለ ውል፣ ስለ ኦዴል፣ ስለ ሴስናዋ ያሰበችው አንድም ነገር አልነበረም። የታያት በመስኮት የተወዛወዘችው የዳርላ እጅ ብቻ ነው።

ስልኳ የጮኸው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ፖሊሱ ነበር። "በሕይወት አሉ" አለ አስቀድሞ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ከሜዳው ሃያ ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው ሞተሩ ጠፍቶ፣ የታረሰ ማሳ ላይ አርፎ፣ የፊት ጎማው ለስላሳው አፈር ውስጥ ገብቶ አውሮፕላኑ በጀርባው ተገልብጧል። ኬንድል ግንባሩን ተጭሯል። ዳርላ የትከሻ አጥንቷና ሁለት የጎን አጥንቶቿ ተሰብረዋል።

ሆስፒታል ስትደርስ ኬንድል ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሲያያት ግድግዳውን ተደገፈ።

"ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ነው" አለ።

"ምኑ?"

"ሰዓቴ። ዋሸሁዎት። አሥራ ሁለት ሰዓት ይጎድለኛል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሚስስ ሶርሊ፣ አሥራ ሁለት ብቻ ናት። ደብተሩ ከኔ ጋር ነው። የድሮዎቹ በረራዎች ላይ ትንሽ ትንሽ ብጨምር ማንም አያውቅም። እርስዎም 'አይቼዋለሁ' ይበሉ። አለዚያ እኮ አውሮፕላንዎም ሄደ፣ የኔም ቤት ሄደ።"

 ቬርና ያን ጊዜ 'አይሆንም' አለማለቷ እስከ ዛሬ ያሳፍራታል። በሐሳቧ አውሮፕላኑን አይታዋለች፤ ተጠግኖ፣ ቀለም ተቀብቶ።

የዳርላ ክፍል በር ግን ገርበብ ያለ ነበር።

"ኬንድል!" አለች ዳርላ ከውስጥ። "ና ወዲህ። ደብተሩን ይዘህ ና።"

"ዳርላ፣ አሁን አንቺ እረፊ እንጂ..."

"ስትዋሽ አብሬህ ነበርኩ። አይተኸኛል፣ ዝም አልኩህ። አሁን ስጠኝ።" ደብተሩን ተቀብላ ደህናው ክንዷ ሥር ወሸቀችው። "እስኪ አሁን ጻፍበት። መጀመሪያ ሌላውን ትከሻዬን መስበር ይኖርብሃል።"

ሰኞ ከሰዓት የኩባንያው መርማሪ መጣች፤ ሚስ ኢባራ የምትባል፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሴት። ሃንጋሩ ውስጥ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኦዴልም ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከጎን ተቀምጧል። ቬርና ከቅዳሜ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

ሴትዮዋ የኪራዩን ወረቀት አየች፣ የነዳጁን ደረሰኝ አየች፣ ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን ቀና አደረገች።

"ቁልፉን ከመስጠትዎ በፊት የበረራ ደብተሩን አይተዋል?"

የቆርቆሮው ጣራ በነፋስ ይንቋቋል። 'አዎ' ብትል የተታለለች ባለንብረት ናት፤ ጥፋቱ ሁሉ የኬንድል ነው። 'አላየሁም' ብትል የገዛ ውሏን በገዛ እጇ ቀደደች። ኦዴል ወለሉን ያያል። አይረዳትም፤ ሊረዳትም አይችልም።

"አላየሁም" አለች።

"ጠይቀዋል?"

"በአፌ ጠየቅሁት። አለፍኩ አለኝ፣ አመንኩት።"

"ውልዎ ግን ይታይ ነው የሚለው።"

"አውቃለሁ። ይሄ ሰውዬ እያንዳንዱን ቃል ነግሮኛል። አፍሬ ነው። ልጅ ሆኖ የማውቀውን ሰው ደብተርህን አውጣ ማለት... አፈርኩ።"

ሚስ ኢባራ ይህንንም ጻፈች። ልትሄድ ስትነሳ ቦርሳዋን ከፈት አድርጋ የኬንድልን ሰማያዊ የበረራ ደብተር አሳየቻት።

"ሚስቱ ጠዋት ሰጥታኛለች" አለች። "አይቻለሁ ቢሉኝ ኖሮ፣ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። ካሳ አንከፍልም ከሚል የእምቢታ ደብዳቤ የሚብስ፣ የማጭበርበር ክስ።"

የእምቢታው ደብዳቤ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ተከራዩ ውሉ የሚጠይቀውን ስላላሟላ ኩባንያው ስለ አውሮፕላኑም ሆነ ስለ ተጎጂዋ አይጠየቅም ይላል። ኦዴል ራሱ ይዞላት መጥቶ አጠገቧ ቆሞ አብሯት አነበበው። 'ነግሬሽ ነበር' አላለም። "ይግባኝ እንበል?" ብቻ አላት። "በምን አፌ" አለችው።

ከዚያ በኋላ ነው ፍርሃቱ የመጣው። አንድ ጠበቃ ዳርላን አግኝቷት፣ የአውሮፕላኑን ባለቤት ብትከስ የቬርናን ቤት ልታስፈርድባት እንደምትችል ነግሯታል። ይህን ቬርና የሰማችው ከከተማው ወሬ ነው። አሥራ አንድ ቀን የፖስታ መኪና በመጣ ቁጥር እስከ በሩ ወጥታ የክስ ደብዳቤ ትፈልግ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዳርላ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ ራሷ በሩን አንኳኳች።

"ሲያወሩ ሰምተው ይሆናል" አለች። "ጠበቃው ላይ ስልኩን ዘጋሁበት። የትምህርት ቤቱ የጤና መድን ሕክምናዬን ችሎልኛል። ይህንን በወሬ ሳይሆን ከኔ እንዲሰሙ ብዬ ነው።" ግቢ ብትላት አልገባችም፤ ምግብ እሳት ላይ ጥጃለሁ ብላ ሄደች።

ተጎትቶ ወደ ሃንጋሩ የመጣው አውሮፕላን የሚጠገን አልሆነም። የሰብል መድኃኒት በአውሮፕላን የሚረጭ ሰው ሞተሩን ለመለዋወጫ ከሷ ገዛ፤ በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ሊወስደው ተቀጣጠሩ። ቬርና ማልዳ ሃንጋሩን ከፈተችና ሞተሩን ለመፍታት ሽፋኑን ማውለቅ ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማች። ኬንድል ነው። ከሆስፒታሉ ወዲህ አላናገረችውም፤ ገበያ ውስጥ ሲያያት መንገድ ይቀይር ነበር።

ና አላለችውም፣ ሂድም አላለችውም። እጅጌውን ሰብስቦ በዚያኛው በኩል ተንበረከከ። እስከ እኩለ ቀን ያለ ንግግር ሠሩ፤ እሷ ስትፈታ እሱ ይደግፋል፣ እሱ ሲፈታ እሷ ትይዛለች። የመጨረሻው ብሎን ዝጎ አልላቀቅ አለ።

"ሚስስ ሶርሊ" አለ ኬንድል ቀና ሳይል። "ይቅርታ እንኳ ልልዎት አፌ አልታዘዝ አለኝ።"

ቬርና ላቧን በክንዷ ጠረገች።

"ዘይቱን አቀብለኝ" አለችው። "ካልረጠበ አይወጣም።"