ሃምሳ ኪሎ የኔሪ አሸዋ

እንደ እኔ የሚቀና ሰው አላየሁም። ልኮራበት ብዬ አይደለም። ሌላው ሰው ሲቀና ይደብቃል፤ በእኔ ላይ ግን ፊቴ ያሳብቅብኛል። ባለቤቴ ሽታዬ ገና ከበር ስታየኝ «ዛሬ ደግሞ ምን አደረገችህ?» ትለኛለች። የምታወራው ስለ ኤፍራታ ነው።

ዳርጌ እባላለሁ። የአቶ ፈለቀ የተሽከርካሪ ምርመራ ማዕከል እዚህ ጂንካ ከተከፈተ ጀምሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ የፍሬን ሰው እኔ ነበርኩ። መኪና ለቦሎ ሲመጣ መብራቱን ሌላ ያየዋል፣ ጭሱን ሌላ ያየዋል፣ ፍሬኑን ግን ዳርጌ ነው። አይሱዙ ይሁን ተሳቢ፣ ባዶውን ይዤው ወደ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ዳር እወጣና ፍጥነቱን አርባ አድርሼ እረግጠዋለሁ። ከዚያ ወርጄ ጎማው መሬት ላይ የተወውን ምልክት አያለሁ። ጆሮም አለኝ፤ የፍሬኑ አየር ሲወጣ በድምፁ ብቻ ሕመሙን አውቃለሁ። ሾፌሮቹ ዳርጌ ያሳለፈውን መኪና ማንም አይመልሰውም ይሉ ነበር። ይሉ ነበር ነው እንግዲህ።

አምና ደንቡ ሊቀየር ነው ተባለ። ከጥር ጀምሮ የከባድ መኪና ፍሬን ባዶውን አይፈተሽም፤ ጭኖ፣ ማሽን ላይ ቆሞ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ ገብቶኛል። ባዶ መኪና ማቆም ማንን ያቅታል? መቶ ኩንታል ጭኖ ወደ ወይጦ ቁልቁለቱን ሲወርድ ግን ያው መኪና ሌላ ነው። የገባኝን ነገር ከኤፍራታ አፍ ስሰማው ግን አስጠላኝ።

ኤፍራታ የገበያው ሰፈር አናጺ ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አቶ ፈለቀ ሦስት ወር አዲስ አበባ ልኮ ማሽኑን አስተማራት። ማሽኑ ሲተከል ሁለታችንንም ጠራንና የፍሬን መስመሩ አንድ ኃላፊ ብቻ እንደሚኖረው ነገረን። ጥር ላይ ከዞን መጥተው የሙከራ ምርመራውን ሲያዩ የአንዳችንን ስም ያስመዘግባል። እስከዚያ ማሽኑን እሷ ትይዛለች፣ እኔ ለሙከራው የሚሆን ጭነት አዘጋጃለሁ። ጭነት! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፍሬን የረገጠ ሰው በስተርጅና አሸዋ ይሙላ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍም ምግብም አልጣመኝም። ስሟ የተጠለፈበት አዲስ ጋዋን ተሰፋላት፤ የእኔ ከተሰፋ ስድስት ዓመቱ ነው። ጅሩ እንኳ፣ ከረዳትነቱ ጀምሮ የማውቀው የቀይ አፈር ከተማ መስመር ሾፌር፣ በሩ ላይ እኔን እያየ «ኤፍራታ አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ቸርች ሄጄ ልረሳት ስል መዘምራኑ መሀል ቆማ አገኛታለሁ። ድምፅዋም ያምራል፣ ምን ይደረግ። ሽታዬ ደግሞ «ጨዋ ልጅ ናት እኮ» ትለኛለች። ጨዋነቷ ነው የገደለኝ! ብትንቀኝ በተሻለኝ። በገባሁ ቁጥር ብድግ ብላ ወንበር ስትለቅልኝ፣ «ጋሽ ዳርጌ፣ እስቲ ይሄን ድምፅ ይስሙልኝ» ስትለኝ አንጀቴ ያርራል። እየሰማሁ ምንም አልሰማሁም እላታለሁ።

ጥቅምት ላይ አሸዋውን ላመጣ ስነሳ ተከትላኝ መጣች። «ጋሽ ዳርጌ፣ አሸዋው ደረቅ ይሁን፤ አለበለዚያ…» ስትል ሳትጨርስ ጥያት ሄድኩ። ደግሞ ብላ ብላ አሸዋ ልታስተምረኝ! ኔሪ ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት። የጂንካ ግማሹ ቤት የተሠራው በኔሪ አሸዋ ነው፣ እስኪደርቅ ጠብቆ የገዛ ሰው ደግሞ አላውቅም። ከወንዙ እንደወጣ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ነው የሚጫነው። እኔም ዝናብ በዘነበ ማግሥት ወርጄ መቶ ማዳበሪያ አስሞላሁ። እያንዳንዱን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ልክ ሃምሳ ኪሎ ሲሆን አሰርኩትና በቀይ ቀለም «50» ብዬ ጻፍኩበት። መቶው ሃምሳ ኩንታል ነው። ሲወርድ የሁላችንም ጀርባ በስብሶ ነበር። ከግቢው ጀርባ፣ ጣራ የሌለበት ቦታ ደርድሬ ረሳሁት።

ጥር ደረሰ። ከዞን ሦስት ሰዎች ፋይላቸውን ይዘው መጡ። ለሙከራው የተመረጠው የጅሩ መኪና ነበር። ኤፍራታ ባዶውን ማሽኑ ላይ አቁማ ክብደቱን መዘገበች፤ ከዚያ ጫኑ ተባለ። እኔም ከጫኞቹ ጋር አንዱን ማዳበሪያ ብድግ አደረግኩ። ወደ ላይ ስቤው ልወድቅ ነበር፣ እንዲያ ቀለለኝ። እጄ ሃምሳ ኪሎን ያውቃል። ይሄ ሃምሳ አልነበረም።

ወዲያው ገባኝ። ሦስት ወር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ውሃው አልቋል። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም እንደገና ተመዝኖ ይስተካከል ነበር። ግን ቀና ስል ኤፍራታን አየሁ፤ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ለእንግዶቹ ስታስረዳ፣ አቶ ፈለቀም እንደ አባት እየሳቀላት። ዝም አይነቅዝም አልኩ በሆዴ። ማዳበሪያውን ለጫኞቹ አቀብዬ ሌላ አነሳሁ፤ ሌላውንም እንደዚያው።

መኪናው ተጭኖ ማሽኑ ላይ ወጣ። ሃምሳ ኩንታል መጨመር ሲገባው አርባ ሁለት ብቻ ጨመረ። የዞኑ ኃላፊ መነጽሩን አውልቆ አየው። ክብደት በትክክል የማያነብ ማሽን ፍሬንም አያነብም፣ ይሄ ማዕከል ለከባድ መኪና ፈቃድ አያገኝም አለ። አቶ ፈለቀ ላቡ ችፍ አለ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ፣ ያ ሰው ዛሬውኑ ከፍሬን መስመሩ ይወጣል ብሎ በሁሉ ፊት ማለ። እኔ ከኋላ ቆሜ ልቤ በደስታ ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ አላፍርበትም ብል ውሸት ነው።

ኤፍራታ አልተደናገጠችም። አንድ ማዳበሪያ አስወርዳ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። አርባ ሁለት ኪሎ። አፉን ፈታ እጇን ከተተችና አሸዋውን በጣቶቿ መሀል አፈሰሰችው፤ እንደ ዱቄት ደርቋል። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። አወቀች። ጠዋት ማወቄን ሁሉ ያወቀች መሰለኝ።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለች ለኃላፊው። «ጋሽ ዳርጌ ያልኳቸውን ነው ያደረጉት። ከመጫኑ በፊት እንደገና ማስመዘን የእኔ ሥራ ነበር።»

በቃ፣ አበቃላት ማለት ነው። ዝም ብል መስመሩ የእኔ ነበር። ግን የኃላፊውን ፊት አየሁት። ፈገግ ብሎ ወደ ጓደኞቹ ዞረና ጥፋቱን በራሱ አፍ የሚናገር ባለሙያ ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገራቸው፤ አቶ ፈለቀም መሐላውን የረሳ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። መስመሬን ወሰደች፣ ሾፌሮቼን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ በገዛ ጥፋቴ ልትመሰገን! ደሜ ፈላ።

«አሸዋው የእኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እርጥቡን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ደረቅ ይሁን ብላኝ ነበር። ዛሬ ጠዋትም መቅለሉን አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

የመጨረሻዋን ልናገራት አላሰብኩም ነበር። አንዴ ከጀመርኩ አፌን የሚይዝልኝ አጣሁ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ እንጂ ፈገግ አላለም። የገዛ ጥፋቴን በመናገር እንኳ ሁለተኛ ሆንኩ፤ ለሁለተኛ ደግሞ ማንም አያጨበጭብም።

ማሽኑ ልክ መሆኑ ስለታወቀ ሃምሳ ኩንታል እስኪሞላ ሌላ ጭነት ተጨመረና ሙከራው ቀጠለ። ኤፍራታ ፍሬን ያዝ ስትል ጅሩ ረገጠ። የኋላ ግራ ጎማው ግማሹን እንኳ አልያዘም። ያንን መኪና ሐምሌ ላይ በጆሮዬና በእግሬ ያሳለፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ከሐምሌ ወዲህ ጅሩ ስንት ጊዜ ወይጦ እንደወረደ እሱ ይወቅ። ከጋቢናው ወርዶ እጇን በሁለት እጁ ጨበጠ። በእኔ አጠገብ ሲያልፍ መሬት መሬት እያየ ነበር።

የተመዘገበው የኤፍራታ ስም ነው። አቶ ፈለቀ አላባረረኝም፤ እሷ ለምናልኝ መሆኑን ቆይቼ ሰማሁ፣ ያም አብግኖኛል። አሁን ሥራዬ ማዳበሪያዎቹ ናቸው። ጣራ ሠርቼላቸዋለሁ፤ በየሰኞው አንድ በአንድ እመዝናቸዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በባጃጅ ወደ ቤት ስሄድ የሚነዳው ልጅ ወሬ ጀመረልኝ። ምርመራው ጋ ያለችውን ኤፍራታን ታውቃታለህ ወይ አለኝ። የሰው ጥፋት በራሷ ላይ አድርጋ ሰውየውን ከመባረር ያዳነችው እሷ ናት፤ ከተማው ሁሉ የሚያወራው የእሷን ነው። ከዚያ ሰውየው ራሱ ወጥቶ አልተናገረም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እንዲህ ያለ ነገር አልሰማም።

«ማን ነበር ሰውየው?» አልኩት።

«እንጃ፣ ስሙን አላውቀውም» አለኝ። «አንድ አሸዋ የሚሞላ ሽማግሌ ነው።»

እዚሁ አውርደኝ አልኩት። ቤቴ ገና ሩቅ ነበር።