የአቶ ዘውዴ ሳንጃ

ሚልክያስ ከመኪና ባሌስትራ የቆረጠውን ብረት እየቀጠቀጠ ሳለ ጥሩብርሃን ባዶ የሳንጃ ሰገባ ይዛ ገባች። እሱ የድሮ ወታደሮችን ሳንጃ አስመስሎ እየሠራ ጂንካ ለሚመጡ ቱሪስቶች ይሸጣል። ጥንታዊ ነው ብሎ ግን አንድም ሰው አታሎ አያውቅም። "እኔ ነኝ የሠራሁት" ይላቸዋል።

ጥሩብርሃን ጉዳይዋን ነገረችው። አባቷ አቶ ዘውዴ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ከአባታቸው የወረሱት የጣሊያን ሳንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ታናሽ ወንድሟ አብኔር፣ የሚልክያስ ጓደኛ፣ ሰገባውን እንደተሰቀለ ትቶ ሳንጃውን ለአንድ ነጋዴ ሸጠው። ከዚያ አባቱን ማየት አፍሮ ወይጦ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ቀረ። አሁን ሽማግሌው አውርዱልኝና ልዳብሰው እያሉ ነው።

"በዚህ ሰገባ ልክ ሥራልኝ" አለችው። "አባቴ ካወቀ አብኔርን ይረግመዋል።"

ሚልክያስን ነገሩ ከበደው። ዓይነ ስውር ማታለል ነውር ነው። እምቢ እንዳይላት ደግሞ ፊቷ ከብዶት ነበር። ስለቱን በሰገባው ልክ ሞረደ፤ ጥሩብርሃን እጀታው እንጨት እንደነበር ብቻ ስለነገረችው በወይራ አለበሰው። ሲጨርስም አብሯት ሄደ።

አቶ ዘውዴ ሳንጃውን መዘዙት። ጣታቸው ከጫፉ ተነስቶ ቀስ እያለ እጀታው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ራሱ ነው" አሉ። ከዚያ ጥሩብርሃንን ውሃ እንድታመጣላቸው ላኳት።

ኮቴዋ ሲርቅ ወደ ሚልክያስ ዞሩ። "እጅህ ጥሩ ነው ልጄ። የአባቴ ሳንጃ እጀታው ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ ነበር።"

ሚልክያስ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር በእጃቸው ገቱት። አብኔር ሥራ በዝቶበት ነው እየተባሉ መክረማቸውንና የልጁ መጥፋት ምክንያት ገና አሁን የገባቸው መሆኑን ነገሩት።

"ለብረት ብዬ ልጅ አላጣም" አሉ። "ደውልለትና ሳንጃው ቤት ነው፣ አባትህም ምንም አያውቅም በለው። እሷም እንዳወቅሁ አትስማ፤ ብዙ ደክማለች።"

ሚልክያስ ሳንጃውን ሰገባው ውስጥ ከትቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። አብኔር "ሄሎ" ሲል ግን የተላከበትን ውሸት ከመናገር ይልቅ ስልኩን የሽማግሌው ጆሮ ላይ አደረገው።